የፉሩሴቷ ኳስ ወርዋሪ

ብሩክታዊት ክርስቲያን የሚባለውን ሰው የተዋወቀችው ቅንድቡን ፈንክታ ነው። በባዕድ አገር ባደገችበት በፉሩሴት ሰፈር ሜዳ ላይ ከሴቶች የቤዝቦል ቡድኗ ጋር ስትለማመድ ያመለጣት ኳስ አጥሩን ዘልሎ፣ ኦከርን ከሚባለው ሰፈር ከግንባታ ሥራው ሲመለስ የነበረውን ወጣት አገኘው። ደሙን በሹራቧ ይዛ ድንገተኛ ሕክምና ወሰደችው።

«ሰባት ስፌት!» አለ ሲወጣ እየሳቀ። «ሁልጊዜ ሰው የምትተዋወቂው እንዲህ ነው?»

«ናይ፣ አይደለም! የምስተው እኮ አልፎ አልፎ ነው።»

ትክ ብሎ አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያ ወዲህ ልምምድ በኖረ ቁጥር አጥሩ ጥግ ቆሞ ይጠብቃት ጀመር።

ወንድሟ ኖኤል ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። አባታቸው ከሞተ በኋላ አውቶቡስ እየነዳ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ውለታውን ግን በጥፊ ያስታውሳታል። አንድ እሁድ ከንፈሯን ሰነጠቀው። ለእናቷ ለወይዘሮ እታለም «በር መታኝ» አለች።

በነሐሴ አንድ ቅዳሜ፣ ቡድኑ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሜሪካ ውስጥ በአጭር ቀሚስ ቤዝቦል ይጫወቱ የነበሩትን ሴቶች የሚዘክር ግጥሚያ አዘጋጀ። በባዶ ጭናቸው አፈር ላይ እየተንሸራተቱ፣ ቆዳቸው እየተላጠ ይጫወቱ እንደነበር አሰልጣኟ ስትናገር ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። ብሩክታዊትም እንደነሱ ለብሳ ገባች። ፎቶዋ ወዲያው በየስልኩ ዞረ።

ግጥሚያው ሳያልቅ ፎቶውን ያየው ኖኤል ደረሰ። መሬት የወደቀ የመምቻ ዱላ አንስቶ ወደ እሷ ሲሮጥ ክርስቲያን መሃል ገባ።

«ተው ኖኤል! እህትህ እኮ ናት!»

የመጀመሪያው ምት የክርስቲያንን ክንድ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀነጠሰው። ተንበረከከ። ኖኤል ዱላውን ደግሞ አነሳ፤ አሁን የፈለገው ጭንቅላቱን ነበር።

ኳሱ ብሩክታዊት እጅ ላይ ነበር። ወረወረችው።

የኖኤል የጉንጭ አጥንት ሲሰበር ድምፁ ተሰማ። ደም እየተፋ ወደቀ። ሮጣ አጠገቡ ተንበረከከች።

«እኔን?» አላት። «እኔን፣ ብሩኬ?»

የቀሚሷን ጫፍ ጉንጩ ላይ ያዘችለት።

ኖኤል አንድ ዓይኑ ጠፋ፤ ተፈርዶበትም ታሰረ። እሷ አልተከሰሰችም። እናቷ ግን «ልጄ ነሽ፤ ፊትሽን ግን ለጊዜው አታሳዪኝ» አለቻት። ከክርስቲያን ጋር ሃውገንስቱዋ የሚባል ሰፈር ቤት ይዘው ገቡ። በጥር ሲጋቡ የእናቷ ወንበር ባዶ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ገና አልጋ ላይ ሳሉ፣ «ሰው ሁሉ ደንግጠሽ ነው ይለኛል» አለችው። «አልደነገጥኩም። ፊቱን አልሜ ነው የወረወርኩት።»



«አውቃለሁ» አለ ክርስቲያን። «ስትወረውሪ ዓይንሽን አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ይህን እያወቅክ አገባኸኝ?»

«እያወቅኩ።»

ተጣሞ የዳነውን ክንዱን አንገቷ ሥር አስገባ። ማልቀስ ስትጀምር፣ አባብሎ ዝም ሊያሰኛት አልሞከረም።