ጋሼ አሥር ሰዓት ላይ መጣ

ያመነ ይመን፣ ያላመነም የራሱ ጉዳይ። እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ቂሜን ልንገራችሁ። እናቴ ስትሞት አራስ ነበርኩ። «ወተቷ ይደርቃል» ብለው ደበቁኝ። የሰማሁት በወሩ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄ ነገር ከጉሮሮዬ አልወረደም።

ዘንድሮ ትልቅ የሆድ ኦፕራሲዮን ተደርጌ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ልቤ ትዘል ጀመር...

ሐኪሙ ለታናሽ እህቴ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ።

«የልቧ ደም ሥር አልተዘጋም። ከቀዶ ጥገና በኋላ ጭንቀት ልብን ያደክማል። ክፉ ወሬ እንዳትሰማ።»

እህቴ ዓይኗ አብጧል።

«ምን ሆነሽ?»

«ጉንፋን ነው እትዬ።»

«ጋሼስ? ወንድም የለኝም እንዴ?»

«ሥራ በዝቶበት... ይመጣል።»

እሷ ወጣች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እውነትም መጣ።

ከግርጌዬ ቆመ። ተቀመጥ አልኩት፤ አልተቀመጠም። ቁና ቁና ይተነፍሳል፣ ግንባሩ በላብ ርሷል...

«ምነው ጋሼ፣ ያባረረህ አለ?»

ወትሮ ሳቂታ ነው። አልሳቀም።

ደረቴ ላይ በሽቦ የተያያዘው ማሽን ጮኸ። ነርሷ እየሮጠች ገባች።

እሱ የቆመበት ቦታ ላይ ቆመች።

«ወንድሜን ገፋሽው እኮ!»

«የቱን ወንድምዎን?»

የጎኔ በሽተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማክሰኞም አሥር ሰዓት መጣ። ጎንበስ አለና በጆሮዬ...

«ነገ አራት ሰዓት ነው።»

«ምኑ?»

«እንደ እማዬ እንዳያደርጉሽ።»

ረቡዕ ጠዋት እህቴ መጣች። ከካፖርቷ ሥር ጥቁር ለብሳለች።

«ጋሼ መቼ ሞተ?» አልኳት።

የያዘችው ፔርሙስ ወደቀ።

«ማን... ማን ነገረሽ?»

«መቼ?»

«ሰኞ ጠዋት። ጣሪያ ሲሠራ ወድቆ። ልጁ ከሩቅ እስክትደርስ ቀብሩ ለዛሬ አራት ሰዓት ተብሎ... ሐኪሙ እኮ ነው እትዬ! ልብሽ...»

«ልቤን የሚገድላት መደበቃችሁ ነው!»

ሽቦውን ነቀልኩት።

«ኧረ ይሞታሉ!» አለች ነርሷ።

«ቀብሬው ልምጣና እሞታለሁ።»

ስፌቴን በእጄ ደግፌ፣ እህቴን ተደግፌ ለቀብሩ ደረስኩ። ሳጥኑን ሊዘጉ ነው።

«ተዉት!» አልኩ።

ማንም ሊከለክለኝ አልደፈረም። ጨርቁን በገዛ እጄ ገለጥኩ።

ሁለት ቀን ሬሳ ማቆያው በረዶ ቤት የተኛ ሰው ነው...

ግንባሩን ላብ አጥምቆታል።

በመዳፌ ጠረግኩለት።

መልሶ አላበው።