ካንዴላው እጄ ላይ እያለ

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው። "ደክሟት ይሆናል" የምትሉ ካላችሁ... አዎ፣ ደክሞኝ ነበር። ግን ሆኗል።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ቦታው የቤታችን ግቢ። ከመንገዱ ጫፍ ብቻችንን ነን፤ ጎረቤት የሚባል የለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የቆርቆሮው ጣሪያ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ የሞተር ሳይክሌ መስታወት... ሁሉም ውርጭ ለብሷል።

ታላቅ እህቴ ምጥ ይዟታል።

ባሏ የሌሊት ጥበቃ ነው፤ ስልኩን አያነሳም። የጤና ጣቢያው መኪና በብርዱ አልነሳ ብሏል። አዋላጇ ከዳገቱ ማዶ ናት። "መጥተሽ ውሰጂኝ፣ በር ላይ እጠብቅሻለሁ" ብላኛለች።

አምና እህቴ እንዲሁ መኪና ስትጠብቅ አንድ ልጅ አጥታለች።

ዘንድሮ አንጠብቅም ብያለሁ።

ሞተሬ ዳቦ የማመላልስበት አሮጌ ነው፤ ብርድ አይወድም። ስለዚህ በብርድ ወራት ማታ ማታ እሳት የሚጭርለትን ካንዴላ ፈትቼ ቤት አስገባዋለሁ። ምድጃው አጠገብ፣ ጣሳ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሞቆ ሲገባለት ቶሎ ይነሳል። እህቴ "ካንዴላ ከምታስተኚ ባል ብታገቢ ይሻልሽ ነበር" እያለች ትስቅብኛለች።

በብርድ ጊዜ የሚሳበውን ቾክ ሳብኩ። ማስነሻውን ረገጥኩ።

ምንም።

ደግሜ ረገጥኩ። እግሬ ሥር ቅልል ብሎ ወረደ። ቤንዚን አለው። የቤንዚኑ መክፈቻ ክፍት ነው። ቁልፉም በርቷል።

በረገጥኩት ቁጥር ከሞተሩ ሆድ አንድ ድምፅ ይወጣል።

ህ...

ሰው የደነዘዘ እጁን ለማሞቅ እንደሚተነፍሰው።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የካንዴላው ቀዳዳ ባዶውን አፉን ከፍቷል። ሳቄ መጣ። ካንዴላውን ሳልመልስ ነው ለካ የምታገለው። ሰው ሲጣደፍ እንዲህ ይጃጃላል።

ግን እግሬን ካነሳሁ በኋላም መተንፈሱን አላቆመም።

ህ... ህ...

"ንፋስ ነው" አልኩ። ገመዱ ላይ የተሰጣው ጨርቅ እንኳ አይንቀሳቀስም።

ቁልፉን ነቅዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። እህቴ የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣለች።

"አልተነሳም?"

"ካንዴላውን ረስቼ ነው።"

"ባልሽን?" አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

"አዎ፣ ባሌን። አሁን ዝም ብለሽ ተንፍሺ።"

ከጣሳው ውስጥ አነሳሁት። ይሞቃል።

ያኔ... ግቢው ውስጥ ሞተሩ ተነሳ።

ሳያስል፣ ሳይንገዳገድ። በቀትር ፀሐይ እንደሚነሳው።

እህቴ እኔን አየች። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ካንዴላ አየች።

"ማነው?" አለች በሹክሹክታ።

"ማንም።"

"አትውጪ..."

"እወጣለሁ። የመጣው ይምጣ።"

ግቢው ባዶ ነው። በሩ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ሞተሩ ብቻውን ይንደቀደቃል። የጋዙ እጀታ ቀስ ብሎ ይዞራል... ይመለሳል... ይዞራል። መቀመጫው ላይ ብቻ ውርጭ የለም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሰብኩት። ተቀምጬበት ብሄድስ? የፈለግኩት እንዲነሳልኝ አልነበር?

ግን እኔ ያላስነሳሁት ሞተር ወዴት እንደሚወስደኝ በምን አውቃለሁ።

"ማንም ሁን ማን፣" አልኩት፣ "ሞተሩ የኔ ነው። የማስነሳውም እኔ ነኝ።"

መፍቻዬን ይዤ ተንበረከክኩ። ከሚሠራ ሞተር የሚወጣ ትንፋሽ ያቃጥላል። ይህ ግን በረዶ ነበር። ጣቶቼ ደነዘዙ። ካንዴላውን ወደ ቀዳዳው ሳስጠጋ ገፋኝ። ገፋሁት። መልሶ ገፋኝ... በደረቴ ተደግፌ አስገባሁትና እስኪጮህ ድረስ አጠበቅኩት።

ጸጥ አለ።

አንድ ቀዝቃዛ ነገር በትከሻዬ አጠገብ አለፈ። ከኋላዬ የቤቱ በር ተከፍቶ ተዘጋ።

ከውስጥ የእህቴ ድምፅ ተሰማ።

"መጣሽ?"

"እየሄድኩ ነው፣ በርቺ" አልኳት። እኔን የጠየቀች መስሎኝ።

ቁልፉን ሰካሁ። ረገጥኩ። ረገጥኩ። ረገጥኩ። በመጨረሻ እያሳለ፣ እያጨሰ፣ እንደ ልማዱ እየተነጫነጨ ተነሳ። በሳሉ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አዋላጇን ከኋላዬ ጭኜ ስመለስ ፀሐይ ወጥታለች።

ቤቱ ጭጭ ብሏል።

ያን ጸጥታ ከአምና አውቀዋለሁ። በሩን ገፍትሬ ገባሁ።

እህቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ደረቷ ላይ ሕፃን አለ። ይተነፍሳል። እትብቱ ተቆርጦ በወጉ ታስሯል። አዋላጇ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን በጣቷ ነካ አደረገችው።

"ማን ነው ያዋለደሽ፣ የኔ ልጅ?"

እህቴ ደከም ባለ ፈገግታ በአገጯ ወደኔ ጠቆመች።

"እሷ ናታ። ከገባች ጀምሮ 'አትጩሂ፣ አትጩሂ' ትለኛለች። እጇ ደግሞ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ..." ከዚያ ወደኔ ዞረች። "ውሃውን አሞቅሽው?"

አዋላጇ አየችኝ። መንገዱን ሙሉ ወገቤን ይዛ ነው የመጣችው። የያዘችውን ቦርሳ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

ከወጥ ቤት ውሃ ሲቀዳ ይሰማል።

"አትሂጂ" አለችኝ አዋላጇ፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ።

ሄድኩ። መፍቻውን ከኪሴ አውጥቼ ይዣለሁ። የወጥ ቤቱን በር እጀታ ስይዝ፣ ከውስጥ የኔው ድምፅ...

"ቆዩ፣ መጣሁ" አለ።

"የለም" አልኩ። "የመጣሁት እኔ ነኝ።"

ከፈትኩት።

ማንም የለም። መሬት ላይ ሳፋ ሙሉ ውሃ ይተናል። ውሃው ገና ይሽከረከራል፤ እጅ አሁን የወጣበት ይመስል።

ቆሜ አየሁት። ያሞቀው ማንም ይሁን፣ ልጁ የኛ ነው። መፍቻውን ጣልኩና ክርኔን ነክሬ ሙቀቱን ለካሁ። ለሕፃን ልክ ነበር። ሳፋውን አንስቼ ወደ እህቴ ሄድኩ።

ከኋላዬ በሩ ተዘጋ... ቀስ ብሎ፣ የተኛ ልጅ ላለመቀስቀስ የሚጠነቀቅ ሰው እንደሚዘጋው።