በሰፌድ የተጣለው ሕፃን

ከባዕድ የመጣ ክፋት ይቻላል፤ እናት ሆና ያሳደገች እህት ስትክድ ግን በምን አንጀት ይቻላል? በጃቫ ደጋ፣ የሩዝ ማሳ በከበባት በእኛ መንደር ራትሚ የምትባል ሴት ነበረች። እናትና አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ጊያርቲ ናት። ጊያርቲ ከራሷ አፍ ነጥቃ አጉርሳታለች፣ በጀርባዋ አዝላ ሩዝ አጭዳለች። ራትሚ ፓርዲ የሚባል ለፍቶ አዳሪ ስታገባም ጎጆ የቀለሰችው እዚያው በእህቷ ጓሮ ነበር። ለጊያርቲ ቤትና መሬት የሰጠ አምላክ አንድ ነገር ነፍጓታል፤ ልጅ። ባሏም በዚሁ ሰበብ ጥሏት ሄዷል። ታዲያ ራትሚ ወንድ ልጅ በተገላገለች ዕለት ከእናቲቱ ብሳ ያለቀሰችው ጊያርቲ ነበረች። ያ እንባ ሁሉ የደስታ እንዳልነበረ ማን ጠረጠረ?

ሕፃኑ ጃጋት ተባለ። ሦስት ወር ሳይሞላው ጉንጩ ቀላ፣ ሻከረ፣ ውሃ ቋጠረ። እንቅልፍ የለ፣ እረፍት የለ! ጭንቅላቱን መኝታው ላይ ግራና ቀኝ ሲያሽ የማጅራቱ ፀጉር ተመለጠ። እግሩን ከእግሩ ያፋትጋል። ሲያቅፉት ፊቱን ደረት ውስጥ ቀብሮ ያሻል፣ ያሻል... ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ፤ አንዷ “ጋኔን ነው” ስትል ሌላዋ “እናቱ ዓሣ በልታ ነው” አለች። ራትሚ ሕፃናት ወደሚመዘኑበት ጤና ጣቢያ ይዛው ወረደች። ነርሷ ገና እንዳየችው “ችፌ ነው” አለቻት። “በዚህ ዕድሜው እጁን አዝዞ ማከክ አይችልም። ስለዚህ ፊቱን ያገኘው ነገር ላይ ያሻል። ደረትሽ ላይ ሲሆን የናፈቀሽ ይመስልሻል፤ የኔ እናት፣ እያሳከከው ነው። ቅባቱን አትርሺ፤ ለስላሳ ጥጥ አልብሺው።”

ራትሚ ይህንኑ ለእህቷ ብትነግራት ጊያርቲ ከት ብላ ሳቀች። “ወይ ነርስ! የሕፃን ፍቅር በሽታ ሆኖ ቀረ? እይው እስቲ እንዴት እንደሚለጠፍብኝ!”

በቅባቱ ትንሽ ይሻለውና ደግሞ ያገረሽበታል። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ “ይጣል” አሉ። አትደንግጡ፤ የኛ ወግ ነው። ሕመም የጠናበትን ልጅ እናቱ በሰፌድ አድርጋ መንታ መንገድ ላይ ታስቀምጠውና ዞራ ሳታይ ትሄዳለች። ሌላ ሰው “ባለቤት የሌለው ልጅ አገኘሁ!” ብሎ ያነሣዋል፤ የተከተለው ክፉ ነገርም አድራሻው ይጠፋበታል። ኋላ እናቲቱ ቢጫ ሩዝና ሙዝ ይዛ ሄዳ ልጇን ትመልሳለች። እስከ ዛሬ እንቢ ያለ ሰው ሰምተን አናውቅም። ማን ያንሣው ሲባል ጊያርቲ ደረቷን መታች። “እኔ እያለሁ ማን ሊያነሣው ነው? አንቺንስ ያነሣሁሽ እኔ አይደለሁ?” ራትሚ የእህቷን እጅ ሳመች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ... መሳሟንስ ባልሳመች!

በማግስቱ ጃጋትን በሰፌድ አድርጋ መንታ መንገዱ ላይ አስቀመጠችውና ዞራ ሳታይ ሄደች፤ ጊያርቲም አነሣችው። ኋላ ቢጫውን ሩዝ ተሸክማ በሄደች ጊዜ የእህቷ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ አልተከፈተላትም።

“ልጄን ልመልስ ነው የመጣሁት፣ እትዬ።”

“የትኛውን ልጅ? ስላመትን?” ስሙን እንኳ ቀይራለች! “እሱማ የኔ ነው። ጣልሽው፣ አገኘሁት። አገር ያየውን ነገር ምን ታስክጂኛለሽ?”

“እትዬ፣ ወጉን ነው እኮ የፈጸምነው!”

“ወጉማ ያው ነው። የተጣለ ለአንሺው ነው።”

ራትሚ ወደ ባሏ ዞረች። አባት አይደለም? ፓርዲ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። “ጎጆው የቆመው በሷ መሬት ላይ ነው፣ ራትሚ... እዚያስ ቢያድግ ምን ይጎድልበታል?” አቤት! ከእህት ክህደት የባል ፍርሃት አይመርም ያለ ማን ነው?

ነገሩ ከመንደሩ ሽማግሌ ከአባባ ካርሶ ፊት ቀረበ። አባባ ካርሶ ፍርድ አዋቂ ነኝ ባይ ናቸው። “ሕፃን አይዋሽም፤ እናቱን እሱ ይንገረን” አሉ። መጀመሪያ ለራትሚ ሰጧት። ጠፍንጎ የያዘውን መጠቅለያ ፈታችለት፣ ያቺን ቅባት ጉንጩ ላይ ቀባችው፣ ባረጀ የጥጥ ነጠላዋ አቅፋ እፍ እፍ አለችለት። ሕፃኑ ቀስ በቀስ ሰከነ፤ ዝም ብሎ ተኛ። ቀጥሎ ጊያርቲ ተቀበለችው። ለችሎቱ ብላ ጥልፍ የበዛበት፣ በስታርች ደርቆ የሚኮሰኩስ ቀሚሷን ለብሳለች። ሕፃኑ ባነነ፤ ፊቱን ጥልፉ ላይ ቀብሮ ያሽ ጀመር።

“እዩት! እዩት እንዴት እንደሚሸጎጥባት!” አለ ሕዝቡ።

“ፍቅር አይደለም!” ራትሚ ጮኸች። “እያሳከከው ነው! ስለ አምላክ፣ ልጄን እያሳከከው ነው!”

“ቅናት ነው” አለች አንዷ። ሳቁባት። አባባ ካርሶ ጉሮሯቸውን ጠርገው ለጊያርቲ ፈረዱ። እናት አቅፋ ስላሳረፈችው ተረታች... እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ጊያርቲ በደስታ ሰከረች። ቅባቱን ጓሮ ወረወረችው፤ ሕፃኑም ባሸባት ቁጥር “ልጄ ወደደኝ” እያለች አብዝታ ወደ ደረቷ ታስጠጋው ነበር። ጨካኝ አልነበረችም፤ እሱ ነው የሚያሳዝነው። የተራበ ሰው ያገኘውን ሁሉ እንጀራ ይለዋል። የሕፃኑ ፊት ቆሰለ፣ መግል ቋጠረ፣ ገላው እንደ እሳት ተቃጠለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማይ ዝናቡን ሲደፋ ጊያርቲ ከራትሚ ደጃፍ በስብሳ ቆመች። ዓይኑ ያበጠ ሕፃን እጇ ላይ ነበር።

“አያሽም...” አለች ሕፃኑን እየዘረጋችላት። “ከትናንት ጀምሮ ደረቴ ላይ አያሽም። ራትሚዬ፣ ልጁ ዝም አለብኝ!”

ራትሚ ልጇን ነጥቃ በዝናቡ ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች። ፓርዲ ከኋላ ሲከተላት ዞራ እንኳ አላየችውም። ከዚያ ሕፃኑ ወደ ከተማ ሆስፒታል ተላከ። ሞት ከራስጌው ስንት ጊዜ ቆሞ ተመለሰ! አምላክ ግን የእናቲቱን እንባ አየ፤ ጃጋት ዳነ።

ራትሚ ወደ ጎጆዋ የተመለሰችው ዕቃዋን ልትጭን ነበር። ጊያርቲ ከስታ፣ ጠቁራ፣ ከደጃፉ ተንበረከከች። “አንዴ ብቻ ልቀፈው። አንዴ ብቻ፣ ከዚያ ልሙት!”  ራትሚ ያንን አሮጌ የጥጥ ነጠላ አውልቃ በእህቷ ደረት ላይ ዘረጋችና ሕፃኑን አስቀመጠችው። ጃጋት ጉንጩን ጣል አደረገ፤ አላሸ፣ አልተወራጨ። ተኛ።

ጊያርቲ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። “ጠላኝ... እይው፣ ድሮ እንዴት ይሸጎጥብኝ ነበር! አሁን ግን ጠላኝ!”

“ጊያርቲ” አለች ራትሚ። በዕድሜዋ ሙሉ እትዬ ሳትል ስትጠራት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። “አልጠላሽም። ዛሬ አላሳከከውም። አንቺ ላይ ተመችቶት ሲተኛ ይሄ የመጀመሪያው ነው።”

እስኪነቃ ጠብቃ ልጇን አዘለችና መንገዷን ጀመረች። ጊያርቲ ነጠላውን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቀረች፤ ራትሚ መልሽልኝ አላለቻትም። ዕጣ ፈንታ እንዲህ ናት፤ ለአንዷ ልጇን ስትመልስ እህቷን ትነሣታለች። ሕፃኑ ነገሩን ሁሉ ረስቶታል። እናቱ ግን በዚያ መንታ መንገድ ስታልፍ፣ ያኔ እንዳደረገችው ሁሉ፣ ዞራ አላየችም።