የተወለወለው መሰላል

ሽማግሌው አናጢ በእንጨት ሥራ ቤታቸው ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ጣውላ ሊያወርዱ ጠዋት መሰላል ወጥተው፣ የላይኛው እርከን ከነኮላው ተነቅሎ ከዳቸው። ምነው እንዲህ ያለ ሞት!

መርማሪው ችኮላ ስለማይወድ «ቀስ በሉ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። ጎንበስ ብሎ እርከኑን ነካው። ኮላው ገና ጣት ይይዛል።

«ትናንት የጠገነችው እሷ ናት!» አለ የሟች ወንድም። የጠቆመው የሟችን ልጅ ነው፤ እሷም አናጢ ናት።

«እውነት ነው ልጄ?»

«አልናገርም።»

«አያችሁ! ንጹሕ ሰው ምን አፉን ያስይዘዋል? እስር ቤት ያናግራታል!»

«ቀስ በሉ ጌታዬ። በራሷ ላይ እንድትመሰክር ሕግ አያስገድዳትም። ዝምታዋንም ጥፋት ብዬ አልጽፍም።»

ከዚያ ቤቱን ዞረ። በተደረደሩት ወንበሮች ሁሉ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ የኤክስ ምልክት ተደርጓል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኮላው አልደረቀም፣ አትንኩ ማለት ነው። እሷ ናት የምታደርገው፤ ለበርጩማ እንኳ አትረሳም» አለ አጎትየው።

መሰላሉ ላይ ግን ምልክት የለም። መርማሪው የእንጨቱን ስንጥቅ በጥፍሩ ቢፍቀው ሰማያዊ ዱቄት ወጣ። በሩ ላይ የተሰጣው እርጥብ ጨርቅም ጫፉ ሰማያዊ ነው። ቀና ሲል ልጅቱ ዓይን ዓይኑን እያየች ራሷን ነቀነቀች። ልመና ነበር። ያን ጊዜ ገባው፤ የምትሸፍነው ሰው አለ።

የሟችን ሚስት ከላይ ቤት አስጠርቶ ሦስቱንም ሰበሰበ።

«ለበርጩማ የማትረሳ ልጅ ለአባቷ መሰላል አትረሳም። ምልክቱን አድርጋለች፤ ስንጥቁ ውስጥ ቀርቷል። ሌላ ሰው በእርጥብ ጨርቅ አጠፋው። ሽማግሌውም ምልክት ስላላዩ ደርቋል ብለው ወጡ።»

«ተወው! እኔ ነኝ፣ በቃ ጻፈው!» ብላ ጮኸች ልጅቱ።

«ያላጠፋሽውን አልጽፍም።» ወደ እናትየው ዞረ። «እናቴ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። የሚናገሩት በራስዎ ላይ ማስረጃ ሊሆን ስለሚችል፣ ያለመመለስ መብት አለዎት።»

«እማዬ፣ ዝም በይ!»

«ኧረ የምን መብት! ምን የምደብቀው አለኝ? እኔ ነኝ የወለወልኩት። ደረቱን ያመዋል፣ አቧራ አይችልም። ሲወጣ እንዳያስለው ብዬ...»

ወንበሮቹ ላይ ያሉትን ሰማያዊ ምልክቶች አንድ በአንድ አየቻቸው። ልጇ ሮጣ አቀፈቻት።

መርማሪው «አደጋ» ብሎ ጻፈና መዝገቡን አጠፈ። አጎትየው አንገቱን ደፋ።

እናትየው እጇን ገልብጣ አየችው።

«እጅሽ ይባረክ ብሎኝ ነው የወጣው» አለች።