አላልቅ ያለው የትርሲት ጫማ

ኮምቦልቻ ላይ፣ ተራራው የሌሊት ጥላውን ገና ከቤቶቹ ጣሪያ ላይ ሳይሰበስብ፣ የትርሲት አባት ከሩቅ መንገድ ተመለሰ።

አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጡሩምባው «ጲጵ! ጲጵ!» ሲል ትርሲት በእግሯ ሳይሆን በልቧ የምትሮጥ እስኪመስል ድረስ ፈጥና ወጣች።

አባቷ ከጋቢናው አንድ ካርቶን ይዞ ወረደ። በካርቶኑ ውስጥ እንደ በሰለ ቲማቲም የቀላ የሩጫ ጫማ ተኝቶ ነበር።

በማግስቱ የትምህርት ቤቷ ሩጫ ነው። ትርሲት ከጓደኞቿ ጋር እስከ መጨረሻው መሮጥን ከምንም ነገር አብልጣ ትመኝ ነበር።

አባቷ ከመሄዱ በፊት እግሯን በሲባጎ ለክቶ ነበር። መንገዱ ግን ረጅም ነበርና፣ ሲባጎው በኪሱ ውስጥ እንደነበረ ሲቆይ የትርሲት እግር አደገ።

ትርሲት ጫማውን አጠለቀች። ጣቶቿ ጫፉ ላይ ተደራረቡ፤ ጫማውም «ቁንጥጥ! ቁንጥጥ!» አደረጋት።

«ልክ ነው?» አለ አባቷ። ዓይኖቹ በመንገድ ድካም ቀልተዋል፤ ፊቱ ግን በደስታ በርቷል።

ትርሲት የበራውን ፊት አየችና፣ «ልክ ነው» አለች።

እናቷ «በላይሽ ይለቅ» ብላ መረቀቻት። ጎረቤታቸው እትዬ ዘሀራም በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው፣ «በላይሽ ይለቅ፣ ልጄ» አሉ።

ይህ አዲስ ልብስ ለለበሰ፣ አዲስ ጫማ ላደረገ ሁሉ የሚሰጥ ምርቃት ነው። ትርሲት ግን ምርቃቱን እንደ ትእዛዝ ሰማችው፤ ያ ጫማ እግሯ ላይ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ጫማ ማድረግ የማይቻል መሰላት።

በግቢው ውስጥ ተራመደች። ቁንጥጥ! ደረጃውን ወጣች። ቁንጥጥ! ደረጃውን ወረደች። ቁንጥጥ! ቁንጥጥ!

ካልሲዋን አወለቀች፤ ማሰሪያውንም አላላች። ጫማው ግን አልሰፋም።

በማግስቱ ፊሽካው «ፊርርር!» አለ። ልጆቹም «ዱብ! ዱብ! ዱብ!» እያሉ ሮጡ።

ትርሲትም ሮጠች። ዱብ! ቁንጥጥ! ዱብ! ቁንጥጥ!

አንድ ልጅ ሲያልፋት ዞር ብሎ፣ ቀይ ጫማ ያደረገች ኤሊ አይቶ እንደማያውቅ ነገራትና እየሳቀ ሄደ። ከዚያም ሁሉም አለፏት።

የጓደኞቿ ጀርባ እየራቀ፣ እያነሰ ሄዶ እንደ ሽምብራ ፍሬ ሆነ። ጭብጨባ ከሩቅ ተሰማት፤ ያ ጭብጨባ ግን ለእሷ አልነበረም።

ትርሲት ከውሃ መውረጃው ቦይ አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንባዋ በቀዩ ጫማ ላይ «ጠብ! ጠብ!» አለ።

ይህ ጫማ መቼ ይሆን የሚያልቀው? አድጋ፣ አርጅታ፣ ምርኩዝ ይዛም እንኳ ቀዩ ጫማ ሲቆነጥጣት ታያት።

ስለዚህ ቶሎ እንዲያልቅ ሶሉን ከድንጋይ ጋር ፈገፈገችው። ፍግ! ፍግ! ፍግ! ጫማው ግን አላለቀም።

ከአሸዋ ጋር ፈገፈገችው። ፍግ! ፍግ! ፍግ! ጫማው ግን አላለቀም።

ከግንቡ ጋር ፈገፈገችው። ፍግ! ፍግ! ፍግ! እግሯ ዛለ፤ ጫማው ግን አላለቀም።

አባቷ በሩጫው ማብቂያ ላይ ቆሞ ሲጠብቃት ቢያጣት፣ እየፈለጋት መጣ። ጫማውን ስትፈገፍግ ሲያያት ፊቱ ጨለመ፤ ከዚያ ሁሉ አገር ያመጣላትን ጫማ ለምን እንደምታበላሸው ጠየቃት።

«እንዲያልቅ ነው፣ አባዬ» አለች ትርሲት። «በላይሽ ይለቅ ብላችሁኝ የለ?»

አባቷ ተንበርክኮ ጫማውን ቀስ ብሎ አወለቀላት። አውራ ጣቷ ቀልቷል፤ ተረከዟም ውሃ ቋጥሯል።

እግሯን በመዳፉ ላይ አሳረፈ። ከዚያም «ይለቅ የተባለው ጫማው ነው እንጂ» አለ፣ «የልጄ እግር አይደለም።»

ጣቷን በጣቱ ነካ። «እዚህ ያማል?» «ያማል።» ተረከዟን ነካ። «እዚህስ?» «እዚያም ያማል።»

ትርሲት ቀና ብላ አባቷን አየችው። «ልክ አይደለም፣ አባዬ» አለችው።

አባቷም የለካው የድሮ እግሯን እንጂ የዛሬውን እንዳልነበር ነገራት። ነገ እግሯን ራሱን ይዘው ወደ ሱቅ ይሄዳሉ፤ ቆማ፣ ተራምዳ፣ ሮጣም አይታ እውነቱን የምትናገረው እሷ ናት።

ሩጫው ግን አልፎ ነበር። ሜዳው ባዶ ሆኖ፣ ነፋስ አንድ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ወዲያና ወዲህ ያንከባልል ነበር።

ትርሲት አባቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ወደ ቤት ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ አባቷም ዝም በይ አላላትም።

ሲመሽ አባቷ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረበ። በቤታቸው እግሩ የሚታጠበው ከሩቅ መንገድ የመጣ ሰው ነውና፣ ትርሲት የአባቷን እግር ልታጥብ ጎንበስ አለች።

አባቷ ግን ይዞ አስቀመጣት። «ዛሬ ከሩቅ የመጣሽው አንቺ ነሽ» አላት።

ጭልፕ! ጭልፕ! አለ ውሃው። ተደራርበው የዋሉት ትንንሽ ጣቶች አንድ በአንድ ተላቀቁ።

አባቷ እግሯን አድርቆ ብርድ ልብስ አለበሳት። እንቅልፍም ከአውራ ጣቷ ጀምሮ፣ በጉልበቷ አልፎ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ እስከ ዓይኖቿ ወጣ።