ይሉኝታ የያዘው ፒያኖ

ከዚህ በታች የሰፈረው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከኪሴ የጨመርኩበት እንደሆነ የጻፍኩበት ጣቴ ይቆረጥ፤ ዐሥሩም ይቆረጡ። ሳይንስ ነው ብላችሁ አትፍሩት፤ እኔ ያልገባኝን ነገር አልጽፍም፣ ደግሞ ያልገባኝ ነገር እስካሁን አልገጠመኝም።

በዚያ ሳምንት ዩኒቨርሲቲው ያደረው ከአባያ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነበር። ግቢው በውኃ ላይ የተሠራ ነውና ነፋስ ሲነሳ ወደ ምዕራብ ይንሳፈፋል፣ ሲበርድ ይመለሳል፤ ተማሪዎች ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ዛሬ ግቢው የት አደረ?» ብለው ነው። ሕግ ከፊት፣ ግብርና ከኋላ፣ ሙዚቃ መሐል ላይ ተገንብተዋል። ሙዚቃን መሐል ያደረጉት ያለ እሱ ግቢው ሚዛን ስለማይጠብቅ ነው ይላሉ የሙዚቃ መምህራን። የሕግ መምህራን ሌላ ነገር ይላሉ።

ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኢንጂነር ታንቱ ባራና በሙዚቃ አዳራሹ መድረክ ተንበርክኮ የፒያኖውን ይሉኝታ እየፈተሸ ነበር።

ይሉኝታ ሰሌዳ የሚሏት፣ የሙዚቃ መሣሪያ ውስጥ የምትገባ፣ የጣት ጥፍር የምታህል ቀጭን ነገር ናት። የፈለሰፋት ራሱ ታንቱ ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት፣ በራሳቸው የሚያስቡት የሙዚቃ መሣሪያዎች ባለጌዎች ነበሩ፤ ሰውዬው ገና ጣቱን ሲያነሳ እነሱ ዜማውን ጨርሰው ይጠብቁታል። ታንቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በር በር ላይ እየቆመ፣ ሰው ለሰው «ይቅደሙ» ሲል ድምፁን ቀዳ። የቢሮ በር፣ የሰርግ ቤት በር፣ የሊፍት በር፣ በጠቅላላው መቶ ሺህ በር። «ኧረ በሞቴ!»፣ «እንዴት ተደርጎ!»፣ «እርስዎ እያሉ?» የሚለውን ሁሉ ለሰሌዳዋ አስጠናት። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳዋ የገባችበት መሣሪያ የተጫዋቹ ጣት ሲደክም ራሱን ያለሰልስለታል፤ አብሮት የሚጫወተው ሲዘገይ ይጠብቀዋል፤ ሰውን ቀድሞ አይገባም። ታንቱን ለመሸለም ከሩቅ አገር የመጡ ሦስት ሊቃውንት፣ ገና ወደ አዳራሹ በመግባት ላይ ከነበረ ፒያኖ ጋር በር ላይ ተገናኝተው፣ «ቅደም»፣ «እናንተ ቅደሙ» ሲባባሉ ውለው ሳይገቡ ተመልሰዋል። ሽልማቱን በፖስታ ላኩለት።

የዚያን ቀን የሚጫወቱት ሁለት የዩኒቨርሲቲው መምህራን ናቸው፤ በፒያኖ ዶክተር ዘነቡ ማዳ፣ በሴሎ ፕሮፌሰር ጩፋሞ ዳልኬ። ሴሎ ማለት በሁለት ጉልበት መካከል ተይዞ፣ እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚገዘገዝ፣ የጎልማሳ ድምፅ ያለው ትልቅ ባለ አራት ክር ነው። ፕሮፌሰር ጩፋሞ ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል። ሰባ የሞላው መምህር ደግሞ በሦስት ዳኞች ፊት አንድ ሙሉ ድርሰት ሳያቋርጥ ተጫውቶ ካላሳየ፣ ክፍሉ ለማስተማሪያ ማሽን ይሰጣል። ደንቡ ነው። የሳቸው ክፍል አራት ተማሪዎች አሉት፤ በምድር ላይ ካሉት የሴሎ ተማሪዎች ምርጥ አራቱ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሰውዬው በቀን ውስጥ «እንዴት አደሩ» የሚላቸው ሌላ ሰው አልነበራቸውም። ክፍሉ ከሄደ ምን እንደሚቀራቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስለዚህ አናወራውም።

«ታንቱ» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ደጋናቸውን ሙጫ እያሹ፣ «ይቺ ነገርህ ዛሬ ታዋርደኝ ይሆን?»

«ጋሼ! እሷ እርስዎን? እንኳን እርስዎን፣ ዝንብ ቀድማ አታውቅም።»

«እኔን ያሰጋኝ እሱ ነው። ሴሎው ውስጥም አንዷ አለች አይደል?»

«አለች። መንትያዋ ናት።»

«እንግዲህ ሁለት ጨዋ አንድ በር ላይ ሲገናኝ ምን እንደሚሆን አንተ ከኔ ይበልጥ ታውቃለህ።»

ታንቱ ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም።

ዶክተር ዘነቡ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ አሉ። «ጋሼ፣ እጅዎ እንዴት ዋለ?»

«እጄን ተይው። አንቺ ሁለተኛው ክፍል ላይ እንዳትሮጪ እንጂ።»

«መቼ ሮጬ አውቃለሁ?»

«ድሮ ተማሪዬ እያለሽ ፈረስ ነበርሽ።»

በዘጠኝ ሰዓት በሩ ተከፈተ። አዳራሹ የተሠራው ሁለት መቶ ሰው እንዲይዝ ነው፤ የዚያን ቀን አራት ሺህ ሰው ገባ። እንዴት ገባ አትበሉኝ፤ ገባ። በመስኮቶቹ በኩል ደግሞ ጉማሬዎች ተሰልፈው ጆሯቸውን እያርገበገቡ ነበር። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከላንቴ መንደር የመጡ አንዲት እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። ሦስቱ ዳኞች ፊት ለፊት፣ እርሳሳቸውን ቀርጸው።

የሚጫወቱት ሶናታ ነው፤ ሁለት መሣሪያዎች አንዱ አንዱን እያዳመጠ የሚጨዋወቱበት ረጅም ድርሰት። የመጀመሪያው ክፍል እንደ ጅረት ወረደ። ሴሎው ሲናገር፣ ብዙ አይቶ ጥቂት የሚናገር ሰው ይመስላል፤ ፒያኖው «እህ» እያለ ይሰማዋል፣ አንዳንዴም ቃል ያቀብለዋል። ፊት ለፊቴ የነበሩት የግብርና ዲን አለቀሱ። እንባቸው እስከኔ ጫማ ደረሰ።

ሁለተኛው ክፍል ዝግ ያለ ነው። እመሐሉ ላይ ሁለቱም ትንፋሽ ያህል ዝም ይሉና እኩል ይገባሉ። እኩል!

ዝም አሉ። ትንፋሽ አለፈ። ፒያኖው ሴሎውን ጠበቀ። ሴሎው ፒያኖውን ጠበቀ።

አንድ ደቂቃ ሆነ። ሁለት ሆነ። ዶክተር ዘነቡ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነው፤ ቁልፉ አይወርድም። ፕሮፌሰር ጩፋሞ ደጋናቸው ክሩ ላይ ነው፤ ደጋኑ አይሳብም። አንደኛው ዳኛ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ።

«ምነው፣ ተጣሉ እንዴ?» አሉኝ የላንቴዋ እናት።

«ኧረ እማማ፣ የዘመኑ ሙዚቃ እንዲህ ነው።»

«ይኼማ እኔም ቤት አለ» አሉ፤ «ሰላሳ ዓመት ሰምቸዋለሁ።»

ከጎን የቆመው ታንቱ መዳፉ ላይ ያለችውን መመልከቻ ገለጠ። ሁለቱ ሰሌዳዎች በመካከላቸው የሚባባሉት ሁሉ እዚያ ላይ ይነበባል። «እርስዎ ይቅደሙ።» «ኧረ እርስዎ!» «በሞቴ!» «እርስዎ ተቀምጠው እኔ?» በሴኮንድ ዐሥራ አራት ሺህ ጊዜ! ታንቱ ፊቱ አመድ መሰለ። ሠርቶ የማያውቀውን ስሕተት ሠርቷል፤ ሰው በር ላይ እንዴት እንደሚጋበዝ ሲያስጠናቸው፣ በመጨረሻ ማን እንደሚገባ አላስጠናቸውም ነበር። መቶ ሺህ በር ሲቀዳ፣ መጋበዙ እንዳለቀ መቅጃውን ይዘጋው ነበር።

ከዚህ በኋላ ታንቱ ያደረገውን ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ጫማውን አወለቀ፣ የመድረኩን ሳንቃ በጥርሱ ነቀለ፣ ወደ ሐይቁ ዘለቀ። የሰሌዳዎቹ ገመድ የሚገናኘው ከመድረኩ ሥር፣ በውኃ ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ ዐሥራ አራት ሜትር የሚሆን አዞ ገመዱን ትራስ አድርጎ ተኝቶ ነበር። ታንቱ በእርጋታ ቀሰቀሰው። አዞውም ሁኔታውን ሲረዳ ቦታውን ለቀቀለት። ታንቱ ገመዱን ጨበጠና አሰበ፦ ይሉኝታን የሚሰብረው ምንድን ነው? ልመና አይሰብረው፣ ትእዛዝ አይሰብረው። የሚሰብረው ስድብ ብቻ ነው! ነገር ግን ታንቱ በአርባ ሦስት ዓመቱ ማንንም ተሳድቦ አያውቅም። ዓይኑን ጨፈነና ከጀልባ ረዳቶች የሰማውን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወሰ። ከዚያ በገመዱ ላይ አፉን ገጥሞ ፒያኖውን በሰባት ቋንቋ ሰደበው፤ ከሰባቱ አራቱ ተናጋሪያቸው ካለቀ ሁለት መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። ስድቡን እዚህ አልጽፈውም፤ ወረቀቱ ራሱ ይቃጠላል።

ፒያኖው ደነገጠ። ገባ!

ሴሎውም ተከትሎ ገባ። ያ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ታምቆ የቆየ ዜማ እንደ ግድብ ውኃ ወጣ። የፕሮፌሰር ጩፋሞ እጅ የሃያ ዓመት ጎረምሳ እጅ ሆነ። ሲጨርሱ የጭብጨባው ንፋስ ግቢውን ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ነዳው፤ የሕግ ተማሪዎች ማታ ቤታቸው ጠፍቷቸው ዞሩ። ዳኞቹ ዐሥራ አንዱ ደቂቃ የድርሰቱ አካል፣ እንዲያውም ምርጡ ክፍል መሆኑን በቃለ ጉባኤ አሰፈሩ። ፕሮፌሰር ጩፋሞ ክፍላቸው ጸናላቸው፤ ዛሬም ያስተምራሉ። ሰሌዳዋ ግን በዚያው ወር ከየመሣሪያው ሁሉ ወጣች፤ ያን ሁሉ ስድብ ከሰማች በኋላ ሰው ፊት መቅረብ አፍራ።

ይኸውላችሁ። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ባለፈው ሳምንት በመምህራን ሻይ ቤት ለአምስት ሰዎች ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንዱ ሲስቅ ሻዩን ደፋ። ዶክተር ዘነቡ ጥጉ ላይ ተቀምጠው የተማሪ ወረቀት ያርሙ ነበር። እስክጨርስ ጠበቁኝና እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

«ሰሌዳዎቹ እኮ የዚያን ቀን አልነበሩም» አሉ በቀስታ።

«የት ሄደው?»

«እኔ መሳቢያ ውስጥ። ጋሼ ናቸው ይውጡልኝ ያሉት። ‹ካለፍኩም በእጄ፣ ከወደቅኩም በእጄ› ብለው። ሰኞ ዕለት ታንቱ ራሱ ነቅሎ ሰጠኝ።»

«ታዲያ ፒያኖው ለምን ቆመ?»

«ፒያኖው ምን አደረገ? የቆምኩት እኔ ነኝ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ትንሽ ይረፉ ብዬ ጠበቅኳቸው። እሳቸው ደግሞ መስመሩ የጠፋኝ መስሏቸው፣ ሰው ፊት እንዳላፍር እኔን ጠበቁኝ። አርባ ሴኮንድ ቢሆን ነው።»

ዐሥራ አንድ ደቂቃ ነው ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሻዩን የደፋው ሰውዬ «ስድቡስ?» አለ።

«ማንም አልተሳደበም። ታንቱ ከመቀመጫው ተነሳና ለዳኞቹ ‹ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሰሌዳው ተበላሽቶብኝ ነው› አለ። የመሣሪያ ብልሽት በመምህሩ ላይ አይቆጠርም። እንደገና እንድንጀምር ፈቀዱልን።» ወደኔ ዞሩ። «ሃያ ሰው ያህል ነበር አዳራሹ ውስጥ። አንተን ግን አላየሁህም።»

ወረቀቴን አጠፍኩ።

«ሰሌዳዋን ከየመሣሪያው ያስወጧት ከዚያ ወዲያ አትታመንም ብለው ነው» አሉ ዶክተር ዘነቡ። «ታንቱ ዘጠኝ ዓመት የደከመባትን በአንዲት ዓረፍተ ነገር አሳልፎ ሰጣት።»

«ፕሮፌሰሩስ?» አልኩ። «ሰሌዳ እንደሌለ ያውቁ የለም እንዴ?»

«ያውቃሉ እንጂ። ሊናገሩም አፋቸውን ከፍተው ነበር። ከዚያ ታንቱን አዩት፤ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። ብዙ አዩት። ከዚያ ደጋናቸውን አነሱና ‹ዘነቡ፣ ከመጀመሪያው እንጀምር› አሉኝ።»