ያልታጠበው ዘይቱን

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ሥራዬም ፒያሳ ባለች ትንሽ ላቦራቶሪ ፍራፍሬ ላይ የቀረ ፀረ ተባይ መመርመር ነው፣ ማሽኑ ያላየውን እኔም አላየሁም ባይ ነበርኩ። ይህን ግን አየሁ፣ እመኑኝ።

ጋሽ ሰይድ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ፍራፍሬ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ሐሙስ በፌስታል ዘይቱን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ባለቤቴ ዘይነብ ከዚህ በበላች ማግስት ነው አኼራ የሄደችው» አሉኝ። «ሦስቴ ሳታጥብ፣ ዘቅዝቃ ሳትደረድር አትቀምስም ነበር። የዚያን ቀን ውሃ ጠፍቶ፣ ብይው ምን ይሆናል ያልኳት እኔ ነኝ። መርዝ ካለበት ንገሪኝ፣ እሱን ብቻ ነው የምፈልገው።»

ግማሹን ለማመሳከሪያ አሽጌ፣ ማሸጊያው ላይ ፈርሜ ፍሪዘር ከተትኩ፣ ቀሪውን መረመርኩ። በማግስቱ ከሰዓት ውጤቱ ወጣ፣ ምንም የለም። ደስ ብሎኝ ስልኬን ሳነሳ ትዝ አለኝ፣ ለምርመራ የመጣ ፍሬ አይታጠብም፣ መርዙ ላዩ ላይ ነዋ፣ እኔ ደግሞ የቤት ልማድ ሆኖብኝ በጀሪካን ውሃ አጥቤዋለሁ። በራሴ አፈርኩ።

የታሸገውን ላወጣ ስነሳ ከማጠቢያው ክፍል የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ቧንቧው ከደረቀ ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ ያለሁትም ብቻዬን ነኝ። ውሃው ፈሰስ ይልና ቆም ይላል፣ ልክ ሰው ፍሬ እያገላበጠ ሲያጥብ እንደሚሰማው። ገባሁ። ቧንቧው ደረቅ ነው፣ የማጠቢያው ጠርዝ ላይ ግን ዘይቱኖች ተዘቅዝቀው ተደርድረዋል፣ ውሃ ያንጠባጥባሉ። ሮጬ ፍሪዘሩን ከፈትኩ፣ ፌስታሉ እንደታሸገ፣ ፊርማዬም እንዳለ ነው፣ ውስጡ ባዶ።

ጋሽ ሰይድ መጡ። ምን ልበላቸው?

«ምንም አልተገኘበትም፣ አባባ።»

«በደንብ አይተሽዋል?»

«አዎ።»

ከዘራቸውን ተደግፈው እንደቆሙ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ቀና ብለው «ታዲያ ምን ገደላት?» አሉኝ።

ዘይነብ ያጠበችው ለእሳቸው አዝና ይሁን እኔን ዝም ለማሰኘት፣ እስከዛሬ አላውቅም። በድልድዩ ሳልፍ ጠርተው ዘይቱን ያስይዙኛል፣ እምቢ ማለት አልችልም፣ ወስጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ውሃ በጠፋ ቀን ግን እቤቴ አላሳድረውም።